በስፖኪዮ የተላከ ሰላምታ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀዳዳው» ነው የሚለኝ፤ ወሬ ስለምቀድ። የጎረቤት ድመት ኩሬ ውስጥ የራሷን መልክ አይታ ተጣልታ፣ ሁለቱ ሳይታረቁ ክረምት ገባባቸው ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ትልቋ አክስቴ በዚያ ወሬ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ያኔ በእግሯ ትሄድ ነበር።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን አልጋ ላይ ናት። አብሬያት እኖራለሁ፤ ቀን የመስኮት መስታወት እየቆረጥኩ እገጥማለሁ፣ ማታ እሷን አገላብጣለሁ። አልጋዋ ከመስኮቱ ዝቅ ስለሚል የሚታያት ሰማይና የመብራት ሽቦ ብቻ ነው። «ወፏ እንኳ የምታርፈው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው» ትላለች።

ታናሽ እህቷ፣ ትንሿ አክስቴ፣ እዚያው መንገድ ላይ ወረድ ብሎ ሰገነት ያለው ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። አይነጋገሩም። ጠቡ የተነሳው በእናታቸው ለቅሶ ነው፤ ትንሿ በቀኝ እጇ ድስት ይዛ ስትገባ ትልቋን በግራዋ ጨበጠቻት። በግራ መጨበጥ ደግሞ እኛ ዘንድ ከስድብ አያንስም። ትልቋ ለምን በግራሽ አለች፣ ትንሿ ድስቱን ልጣልልሽ ወይ አለች፣ በዚያው ቀሩ።

ላስታርቃቸው ሞክሬ ነበር። ለአንዷ ናፍቀሻታል አልኩ። ለሌላዋ ደግሞ ስላንቺ ስታለቅስ አገኘኋት፣ እንባዋ በደረጃ ወረደ አልኩ። ደረጃው ላይ ሳላበዛው አልቀረሁም። ሁለቱም በአንድ አፍ «ቀደዳህን ተው» አሉኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ የተስማሙበት ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ ትንሿ ቤቱን ለቅቃ ሌላ ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው የሚል ወሬ መጣ። ይህኛው የኔ አልነበረም። የትልቋ ሾርባ ሳትነካው ቀዘቀዘ። ማታ ሳገላብጣት፣ ከዚህ ተኝቶ መንገዱን ማየት አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማንን ለማየት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከጋራዥ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ስፖኪዮ አመጣሁ። ሹፌሩ ወደኋላ ማየት ከማብዛቱ የተነሳ አምናን አይቶ ተመለሰ ብላት አልሳቀችም። በመስኮቱ ፍሬም ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በብሎን አሰርኩት። ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን ሳያስተምሩኝ ነው የወጣሁት፤ ኳስ ግን ተጫውቻለሁ። ብርሃንም እንደ ኳስ ነው፤ ግድግዳውን አግድም ከመታው አግድም ይመለሳል። ትንሽ አዘንብዬ፣ ትንሽ አቅንቼ፣ ያንን ሰገነት አልጋዋ ድረስ አመጣሁላት።

ጠዋት ጠዋት ትንሿ ልብስ ስታሰጣ ትልቋ ታያታለች። ከስታለች ትላለች። ያንን ሹራብ የሰጠኋት እኔ ነኝ ትላለች። ተደብቃ የምታይ መስሏት ነው። መስታወት ግን ለአንድ ወገን አያደላም፤ በውስጡ የሰው ዓይን ካየህ፣ ሰውየውም ያንተን አይቷል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። ትንሿ ስፖኪዮውን አትኩራ አይታ፣ እጇን አንስታ ሰላም ብላታለች።

«በግራዋ» አለች አክስቴ። «አሁን እንኳ ድስት አልያዘችም።»

በቀኟ ነው፣ ግራ ያስመሰለው መስታወቱ ነው ብዬ ማልኩ። «ቀደዳህን ተው» አለችኝ። የድመቷን ወሬ የሰማች ሴት ይህን እንዴት ትመን! ትንሿም ፊት እንደተነሳች ገብቷት ሰገነቱ ላይ መውጣት ተወች።

ዕቃዋ በሚጫንበት ጠዋት የእጅ መስታወት ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ቀኝሽን አንሺ» አልኳት። አነሳች። «መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ፊት ለፊትሽ የተቀመጠች እንግዳ ናት እንበል። በየትኛው እጇ ነው ሰላም ያለችሽ?»

በቀኝ ጣቷ ያለውን ቀለበት መስታወቱ ውስጥ ፈለገችው። ቀለበቱ የሴትዮዋ ግራ እጅ ላይ ነበር።

«እኔም ራሴን እሰድባለሁ ማለት ነው?» አለች። «ሩጥ፣ ጥራት።»

ስደርስ ትንሿ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች፤ ሞተሩ ተነስቷል።

«እትዬ ነይ ብላሻለች» አልኳት እያለከለክሁ።

«እንባዋ ደግሞ በደረጃ ወረደ?»

መስኮታችንን እዪ ብዬ ጠቆምኩ። ዞሬ ባይ ትልቋ ስፖኪዮው ውስጥ እጇን አንስታለች፤ ቀኟ ይመስላል። ገባኝ። ለእህቷ ቀኝ ሆኖ እንዲታይ ብላ ያነሳችው ግራዋን ነው።

ትንሿ ግን አንገቷን ማዞር ኩራቷ አልፈቀደላትም። ያየችው በመኪናው ስፖኪዮ ነው። አንዴ የተገለበጠ እጅ ሁለተኛ ሲገለበጥ ተመልሶ ግራ ይሆናል።

«እህ» አለች፤ የመኪናውን መስኮት እጀታውን እያዞረች ዘጋችው። የሆነውን ልነግራት እየጮህኩ ተከተልኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው፤ ባይውጠውስ ማን ያምነኛል።

ቤት ስገባ ትልቋ ትራሷ ላይ ቀና ብላ ጠበቀችኝ።

«አየችኝ?»

«አየችሽ።»

«በቀኜ?»

«በቀኝሽ። ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።»

ቀደዳህን ተው እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም።

ስፖኪዮውን አልፈታሁትም። ጠዋት ጠዋት ባዶው የልብስ ገመድ ይታያታል። ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ በላይ አውጥታ ነው የምትተኛው።