የልብስ ሰፊው ጥርስ

በሆስፒታሉ ፋርማሲ ጀርባ፣ የመድኃኒት ካርቶን ከሚቆለልበት ኮሪደር አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና ስልክ ብቻ ነው ያላት። በሯ ላይ «የመድኃኒት መረጃ» ይላል። ሐኪምም ሆነ ነርስ፣ ስለ መድኃኒት ግራ የገባው ሁሉ ወደዚያ ይደውላል። ስልኩን የምታነሳውን ፋርማሲስት ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል፤ አንድ ሲጠይቋት አምስት ትጠይቃለች። መድኃኒቱን የሚውጠው ማን እንደሆነ ሳታውቅ መልስ ከአፏ አይወጣም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው የጥርስ ክሊኒክ ተደወለ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክሊኒኩን ከከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም። የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ጥርስ ከነቀልኩ በኋላ የትኛውን ማስታገሻ ልስጥ ብሎ ጠየቀ። እሷም እንደ ልማዷ ጀመረች። ዕድሜው ስንት ነው፣ ማቅጠኛውን የሚወስደው ለምንድን ነው፣ የደም ምርመራ መቼ አደረገ፣ ሌላስ ምን ይወስዳል? ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹን ከአፏ ነጥቆ መለሰ፤ ሰውየው ሰባ አልፎታል፣ ልቡ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለው። ከዚያ ወዲያ ግን መንተባተብ ጀመረ። ምርመራው ደህና ሳይሆን አይቀርም። ሌላ የሚወስደው ያለ አይመስለኝም። ኪኒኑንማ በሰዓቱ ነው የሚውጠው፤ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ሐኪም ስለ በሽተኛው «አይመስለኝም» ሲል ሰምታ ታውቃለች። እንዲህ ሲሟገትለት ግን እምብዛም አልሰማችም።

«ዶክተር፣ ሰውየውን ያውቁታል እንዴ?» አለችው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ ነው» አላት።

«ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቀውም። ማንንም በሽተኛ ወንበሩ ላይ ሳያስቀምጥ የሚጠይቀውን፣ ለአባቱ ሲሆን አንዱንም አላነሳም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ምን ብሎ ይጠይቀው? የሚያውቀው መስሎታል።

«ልጄ፣ ዛሬ ገና እንዳየኸው ሰው ቁጠረውና ጠይቀው» አለችው። «እኔ ስልኩን አልዘጋም።»

አባትየው ደረቱ ላይ የወረቀት ፎጣ ተደርጎለት፣ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ መብራቱን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እንኳ ጣቶቹ የፎጣውን ጠርዝ ያጥፋሉ። ልጁ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠና፣ ለሌላ ሰው እንደሚያደርገው፣ ኪኒኑን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዱት መቼ ነው አለው።

አባት ጉንጩን ይዞ ሳቀ። «ምነው ዛሬ አንቱ አልከኝ? ተጣልተናል እንዴ?»

ልጁ አልሳቀም፤ ጥያቄውን ደገመው። አባት ዓይኑን ወደ መብራቱ መለሰ። ከዚያ፣ ጥርሱ እንዲነቀል ከተቀጠረ ወዲህ ኪኒኑን እንደተወው ተናገረ።

«ለምን፣ አባዬ?»

«ልቤን ኦፕራሲዮን የተደረግሁ ሰሞን ጥርስ ተነቅዬ፣ ደሜ አልቆም ብሎ ሳፋ ይዘህልኝ የቆምከውን መቼ ረሳሁት። ትንሽ ልጅ ነበርክ፤ እንባህ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ዛሬ ደግሞ በገዛ እጅህ ልትነቅልልኝ ነው። ብዙ ካልደማሁ አትደነግጥም ብዬ ነው።»

ልጁ ሳፋውን ረስቶት ነበር።

ወደ ስልኩ ተመልሶ ሁሉንም ነገራት። እሷም ረጋ ብላ አስረዳችው። የድድ ደም ዓይን ያየዋል፤ በጎዝ ጨርቅም በስፌትም ይያዛል። ቫልቩ ላይ የረጋ ደም ግን የማንም ጣት አይደርስበትም። ስለዚህ ዛሬ ጥርስ የሚባል ነገር አይነካ፤ አባትህን ይዘህ አሁኑኑ ወደ ልብ ክትትል ክፍል ተሻገር፤ እኔም ደውዬ እነግራቸዋለሁ አለችው። ያለችውንም አደረገች። ከዚያ እጇን ስልኩ ላይ እንዳሳረፈች፣ ስሙን ለማታውቀው ሰው ድምፅ ሳታሰማ ጸለየች።

እንደፈሩት ደሙ መወፈር ጀምሮ ነበር። ቫልቩ ላይ ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የረጋ ነገር አልታየም። መርፌ ተወጋ፣ ኪኒኑንም እንደገና ጀመረ። ጥርሱም የደሙ ልክ እስኪመለስ፣ እሷ በመረጠችለት ማስታገሻ እየተባበለ ቆየ።

ጥርሱ የተነቀለው፣ የልብ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ ኪኒኑ ሳይቋረጥ ነው። ደማ፤ ሳፋ የሚያስይዝ ግን አልነበረም። ልጁ መርፌና ክር አንስቶ ድዱን መስፋት ጀመረ። አባት በደነዘዘ አፉ እየተኮላተፈ፣ «ቋጠሮውን ጠበቅ አድርገው፤ እንዳይተረተር» አለው። አጠገባቸው የቆመችው ነርስ ማስኳ ውስጥ ሳቀች። ልጁም ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገው። ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ጎዙን ነክሰህ ያዝ ማለት እየቻለ፣ በራሱ ጣት ተጭኖት ቆመ። አባት ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ ጎዙን አንስቶ ድዱን ሲያየው ደሙ ቆሟል።

መሸት ሲል ቤት ውስጥ ኪኒኑን ከነውኃው አቀረበለት። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀምና ውኃው በአባቱ አገጭ ላይ ወረደ፤ በመዳፉ ጠረገለት። አባትም እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አሳየው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ኪኒኑ ወርዷል። ስፌቱም አልደማም።