የተምታታ እጅጌ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ደንበኛም ሸሸ። ልብስ ሰፊው በደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍሉ፣ ጀምሮ በተዋቸው ልብሶች ተከብቦ ከረመ። አንገት የሌለው ሸሚዝ፣ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ። ከሁሉ የሚያፍጥበት ግን ጥግ ላይ የተሰቀለው እጅጌ አልባ ካፖርት ነው። ታላቅ እህቱ የስፌት መኪናውን የገዛችለት የራሷን ካፖርት ሸጣ ነበር። "የተሻለ እሰፋልሻለሁ" ካላት ወዲህ ጸጉሯ ሸብቷል። አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ትስላለች።

አንድ ዕለት እንደ ምንም ብሎ እጅጌዎቹን ገጠመ። አንስቶ ሲያየው የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ገብቷል። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

"ምነው ጋሼ? ሰው ሞተ እንዴ?" ፎቅ ላይ ዮጋ የምታስተምረው ጎረቤቱ፣ አዝራሩ የወለቀ ሹራብ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"የሞትኩትስ እኔ ነኝ። እጄ እዚህ፣ ልቤ ሌላ አገር። ከልጅነቴም ስሜ ልበ ቢስ ነው።"

"የዮጋ ሊቃውንት እንዲያ አይሉም። ልብ አንዳንዴ ይፈዛል፣ አንዳንዴ ይበተናል፣ አንዳንዴ ይሰበሰባል። እንደ አየር ነው፣ ይለዋወጣል። እርስዎ የሚበተነው አይደሉም፤ ሲበተን የሚያየው ነዎት።"

"እሰሪልኛ እንግዲህ!"

"ማሰር የለም። መሄዱን ማወቅ፣ ሳይሳደቡ መመለስ። ሺህ ጊዜ ቢሄድ ሺህ ጊዜ።"

"እስከዚያማ እህቴ በካፖርቱ ትገነዛለች!"

ሳቀች። "ለመሆኑ ልብዎ ሲሄድ ምን ያደርጋሉ?"

"ያን ትቼ ሌላ እጀምራለሁ።"

ይህን ሲል እጁ ወደ ሹራቡ ተዘርግቶ ነበር። አየው። አዲስ ሥራ ሁልጊዜም ማምለጫው ነው። እጁን ሰበሰበ።

"ነገ አምጪው፣ ልጄ።"

ብቻውን ሲቀር እጅጌዎቹን መተርተር ጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልቡ ወደ ቤቱ፣ ወደሚያፈሰው ጣሪያ ወጣ። "ሄድህ" አለው፣ ሳይቆጣ። መለሰው። ወደ ቤት ኪራዩ ሮጠ፤ መለሰው። ክፍሏ እንደ ወትሮው ጠበበችው፤ ግን እጅጌዎቹን በየቦታቸው ሰፍቶ እስኪጨርስ አልተነሳም።

ሲመሻሽ የእህቱን በር አንኳኳ። ካፖርቱን አጥልቃ እጆቿን አነሳች፣ ዞረች።

"ሰፋኝ፣ አንተ።"

"ልኬቱ የድሮሽ ነዋ። አምጪው፣ ላጥብበው።" ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

"ኧረ ተወኝ! ደግሞ ይዘኸው ልትጠፋ?" አዝራሮቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

ልብስ ሰፊው ትከሻዋ ላይ የተረፈውን ጨርቅ አየ፤ እጁን በላው። ግን ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።