ሰባት ቤት እስኪሞላ

የሞጣ ሽማግሎች ብቸና አቶ አካለ ወልድ ቤት ከተቀመጡ ሁለት ሰዓት አልፏል። የቤቱ ልጅ ሊድያም ያን ያህል ጊዜ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ሦስቱ ሽማግሎች የመጡት «ልጃችሁን ለልጃችን» ለማለት ነው። ልጃቸው ስጦታው እንደ ወጉ ሞጣ ቀርቷል። አባቷ ልጁን አልጠሉትም፤ ቤተሰቡንም ያከብራሉ። የቀረው ዘር ቆጠራው ብቻ ነበር።

የሁለቱም ወገን ገላው በሚባል አንድ ሰው ላይ እንደሚገናኝ የታወቀ ነው። ከገላው ወዲህ በሁለቱም በኩል ሰባት ቤት ከሞላ ይጋባሉ። አንድ ከጎደለ ግን ወንድምና እህት ናቸው፤ አለቀ። ሊድያ ስንቱን ጠያቂ እምቢ ብላ አምስት ዓመት የጠበቀችው ሰው በአንዲት ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

የሚቆጥሩት የቅኔ መምህሩ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆኗል፤ የብቸናን ሰው ዘር ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። የሊድያን ወገን ቀድመው ቆጥረው ሰባት ሞልቷል። የሞጣውን ስለማያውቁት አቶ አካለ ወልድ ከሊድያ ኮምፒውተር የታተመውን ወረቀት ያነቡላቸው ጀመር።

«ከገላው ቀጥሎ፣ ይታገስ።»

«አንድ» አሉ የኔታ ጣታቸውን አጥፈው።

«ውበቴ።»

«ሁለት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ስጦታው ላይ ሲደረስ ሰባተኛዋ ጣት ታጠፈች። ከሽማግሎቹ አንዱ ለምርቃት ብድግ አለ። ሊድያ በሩን ተደግፋ ተነፈሰች።

«ቆዩማ» አሉ የኔታ። «ወረቀት ስም ይነግረኛል እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረኝም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው። ልጅቱ ማሽኗን ይዛ ትምጣና ታስረዳኝ።»

ሊድያ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ስትወጣ ፈገግ ብላ ነበር፤ ሞኝ! ፕሮግራሙን ከስጦታው ጋር ሁለት ዓመት ደክመውበታል። የሁለቱ ከተሞች ሰው ዘሩን እንዲመዘግብበትና ጋብቻ ሲያስብ እንዲቆጥርበት ነው። እሱን ሲሠሩ ክፉኛ የተጣሉት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሞጣ መናኸሪያ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው። ስጦታው ስሞቹ በአንድ ረጅም ዝርዝር ይቀመጡ አለ። «ሰው ስሙን ጽፎ ማግኘት ነው የሚፈልገው፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ማን ይንከራተታል?» ሊድያ ደግሞ «ማን ሥር እንዳለ ካላየህ ስሙ ብቻውን ምን ይሠራልሃል?» ብላ ዛፍ ይሁን አለች። ማናቸውም አልተረቱም። ዝርዝሩ ከፊት ሆነ፤ የሊድያ ዛፍ ከአንዲት ቁልፍ ጀርባ ተደበቀ።

አሁን ያቺን ቁልፍ ነካቻት። ገላው ብቻውን ከላይ ወጣ፣ ከጎኑ ትንሽ ሦስት ማዕዘን። ሦስት ማዕዘኗን ስትጫናት ልጆቹ ከሥሩ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ገባ ብለው ተዘረጉ። አንድ እርምጃ አንድ ትውልድ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይቆጥረዋል።

ይታገስና ውበቴ እኩል እርምጃ ላይ ቆመዋል።

ሊድያ ደግማ አየችው። ውበቴ የይታገስ ልጅ አይደለም፤ ወንድሙ ነው። ስጦታው ከአያቱ ከእማሆይ ፈንታነሽ አፍ እየሰማ ሲመዘግብ የሁለቱንም አባት ገላው ብሎ በትክክል ሞልቶት ነበር። ወረቀቱ የታተመበት ዝርዝር ግን ታላቅና ታናሹን ከላይና ከታች ደርድሮ አባትና ልጅ አስመሰላቸው። ይታገስ ከስሙ ጎን ሦስት ማዕዘን እንኳ የለው፤ ሳይወልድ ነው የሞተው። ሳይወልድ የሞተ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ የሰው ትዳር ያፈርሳል ብሎ ማን ያስባል?

ከኮምፒውተሩ ማያ ጥግ መልእክት ብቅ አለ። ስጦታው ሞጣ ሆኖ ያንኑ ገጽ ከፍቶ ይከታተላል።

«አየሁት» ይላል። ወዲያው ሌላ ተከተለ። «ሊዱዬ፣ ወደ ዝርዝሩ መልሺው። በእመቤቴ።»

ማን ያውቃል? የኔታ አያዩም። አባቷ ከወረቀት እንጂ ከኮምፒውተር ማንበብ አይሆንላቸውም። ሽማግሎቹ ሰባት መባሉን ሰምተው ረክተዋል። ቁልፏን መልሳ ብትነካት ይታገስ አባት፣ ውበቴ ልጅ ይሆኑላታል። ጣቷ ቁልፏ ላይ አረፈ። ስጦታውን ትወደዋለች፤ ከማንም ይልቅ ትወደዋለች።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉ የኔታ።

«እየከፈትኩ ነው የኔታ።»

«አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ። እኔ እንደሆን የማየው ባንቺ ዓይን ነው።»

ሊድያ ጣቷን አነሣች።

«ይታገስና ውበቴ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የገላው ልጆች ናቸው። ወረቀቱ ያሳሳተን እዚያ ላይ ነው፤ ሰባት ሳይሆን ስድስት ነው።»

የኔታ ከታጠፉት ጣቶቻቸው አንዷን ቀስ ብለው ዘረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። የሞጣ ሽማግሎች ከዘራቸውን አነሡ። አቶ አካለ ወልድ እንግዶቹን ሊሸኙ ሲወጡ ልጃቸውን ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም።

ሊድያ ማያው ፊት ብቻዋን ቀረች። ከጥግ ስጦታው ሲጽፍ፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲጽፍ ይታያታል። በመጨረሻ መልእክቱ መጣ።

«ልክ ነበርሽ፤ ዛፉ ይሻላል።»