ከመጋረጃ ጀርባ የቀረ ቃል

«የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ፣ አለምብርሃን!» ሲባል ከዚራ ሰፈር ያለው የሠራተኞች ክበብ በጭብጨባ ተናጋ። በየዓመቱ በጃንሆይ የልደት ሰሞን የሚሰጠው የቴያትር ሽልማት ነው፤ ድሬዳዋ ግልብጥ ብላ ወጥታለች። ዲሪር ግን የተቀመጠበት ወንበር እሾህ ሆነበት።

ምን ሆኖ አትሉም? ዲሪር መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ነው። ለውድድሩ የተዘጋጀውን ቴያትር ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፤ ልጁ የሞተበትን አባት ሆኖ ለመጫወትም ሲቋምጥ ከርሟል። አዘጋጁ ግን «አማርኛህ መጋላ መጋላ ይላል» ብሎ ቦታውን ለባቡር ጥገና ሠራተኛው ለአለምብርሃን ሰጠና፣ እሱን ከመጋረጃ ጀርባ ቃል አስታዋሽ አደረገው። እስቲ ፍረዱ! በዚህ ከተማ ማን ነው አማርኛው ምንም ምንም የማይለው?

ይሁን፣ ተበድሏል። አለምብርሃን ግን ምን አደረገው? ከሥራ ሲወጣ ሱቁ ድረስ እየመጣ፣ «ዲሪሬ፣ ይቺን ቃል እንዴት ብዬ ልበላት?» እያለ የሚያማክረው የዋህ ጓደኛው ነው።

በውድድሩ ቀን፣ አባትየው የልጁ ሬሳ አጠገብ ቆሞ በሚናገርበት ቦታ፣ አለምብርሃን ቃሉ ድንገት ጠፋው። ዓይኑን ወደ መጋረጃው ወርወር አደረገ። ዲሪር ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ይዋረድ!» አለ በልቡ፤ ጥርሱን ነከሰ። አለምብርሃን አፉን ከፍቶ ቀረ። ላቡ ወረደ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻም እንባው ዱብ ዱብ አለ። ተመልካቹ የልጁ ሐዘን መስሎት አብሮት ተንሰቀሰቀ። ዳኞቹም ዋንጫውን የሰጡት ለዚያች ዝምታ ነው።

አሁን አለምብርሃን ዋንጫውን ታቅፎ፣ «ዲሪር፣ ና ውጣ!» አለ። እየጎተቱ አወጡት።

«ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር» አለ አለምብርሃን ለሕዝቡ። «ይሄ ወንድሜ ግን ያለ ቃል እንደምወጣው አይቶ ዝም አለ። በዕድሜዬ እንዲህ ያመነብኝ ሰው የለም።»

ዲሪር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ዝግጅቱ እንዳለቀ አለምብርሃንን በር ላይ ያዘው። «አለሜ፣ አቦ ስማኝ። ቃሉን አውቀው ነበር። እንድትዋረድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ወላሂ!»

አለምብርሃን መጀመሪያ ሳቀ። የዲሪርን ፊት ሲያይ ሳቁ ቀጥ አለ።

«ቦታውን ፈልገኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ብትነግረኝ እኮ እተውልህ ነበር።»

ዲሪር ከተናገርኩ ይቀልለኛል ብሎ ነበር። የት አባቱ! የሰውዬውን ደስታ በገዛ አፉ ቀማው እንጂ ምን ቀለለው?

ሰዉ እየወጣ ሁለቱንም ያቅፋቸው ጀመር። አንዲት ሴትዮ፣ «ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል!» አሉ። ዲሪር ለእሳቸውም እውነቱን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት፣ አለምብርሃን ቀደመው።

«የትም አይገኝም፣ እትዬ» አለ፣ ዲሪርን ሳያየው።

ዲሪር ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።