አውድማ ላይ እምቢ አይባልም

አረፍ በሉ ልጆቼ፤ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መንገድ ነው። መንገድ ደግሞ ምን ወግ አለው እንዳትሉኝ። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ወይራማ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ተሳቢ መኪናው ሁሉ ከተማዋ ሳይገባ ታጥፎ፣ በዋንዛ በር ቀበሌ በኩል ዞሮ ያልፋል። ያ መታጠፊያ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አብዱልቃኒ የሚባል ነጋዴ አለ። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአባቱ የወረሰው ነው። ሸራ፣ ገመድ፣ የመኪና ዘይት ይሸጣል፤ ደንበኞቹም ሾፌሮች ናቸው። ብዙ አይናገርም፣ ከተናገረ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም ብለው የከተማው ምክር ቤት ውስጥ አስገቡት።

አንድ የገበያ ቀን፣ ያቺ ጠባብ መንገድ በሰውና በአህያ ተሞልታ ሳለ፣ የአንዱ ተሳቢ ጎን የልጅ ልጁን ሳጂዳን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገፍትሮ ቦይ ውስጥ ጣላት። እግሯ ተሰብሮ ከረመች። አላህ ይመስገን ዳነች፤ ግን ከዚያ ወዲያ መንገዱን ስትሻገር የአያቷን እጅ አንቃ ነው የምትይዝ። ጣቶቹ እስኪደነዝዙ። አብዱልቃኒ ያንን አያያዝ እጁ ላይ ተሸክሞት ይውላል።

እናም ምክር ቤቱ ከተማውን ዞሮ የሚያልፍ መንገድ ይሠራ ሲል እጁን ቀድሞ ያወጣው እሱ ነበር። ሚስቱ ጠይባ ሰምታ ሳቀችበት። «ሾፌሮቹ በዚያ ካለፉ ሸራውን ለማን ልትሸጥ ነው? ለላም ልታለብሰው?» አለችው። «ለላምም ቢሆን» አላት፤ በዚያው አለቀ።

ችግሩ ከተማዋ በአንድ ወገን ገደል ነው። በሌላው ወገን ያለው መሬት የዋንዛ በር ነው፤ ዋንዛ በር ደግሞ የራሱ ምክር ቤት አለው። ሁለቱ ምክር ቤቶች አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ፣ ተነታረኩ፣ ተበተኑ። ደግሞ ተሰበሰቡ፣ ደግሞ ተበተኑ። የከተማው ሰዎች የልጆቻቸውን አደጋ ሲያነሱ፣ የዋንዛ በሮቹ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር የተቆረሰባቸውን እርሻ ያነሳሉ። የዋንዛ በር ሊቀ መንበር ገዳሙ ምላሱ አያርፍም፤ «ወይራማ ሆዷ ሰፍቶ ሰፍቶ፣ አሁን ደግሞ መቀነት አማራት» አለና አዳራሹ በሳቅና በቁጣ ተደባለቀ።

የነገሩ ቋጠሮ አንድ ቦታ ነበረ። ቀያሹ የመራው መስመር በእንዳላማው አውድማ ላይ ያልፋል። እንዳላማው የዋንዛ በር ገበሬ ነው፤ አውድማው የአያቱም የአባቱም መውቂያ ነው። ሌላውን ሁሉ ምትክ እየሰጡ ተስማሙ፤ በአውድማው ግን ዋንዛ በሮች፣ እንዳላማው በራሱ አፍ እሺ ካላለ እጃችንን አናነሳም አሉ።

ይኼኔ ነው አብዱልቃኒ አንድ ሐሳብ ያመጣው። ጊዜው የውቂያ ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን እህል ባለበት አውድማ ላይ ድምፅ አይነሣም፤ ጠብ ካለ በረከቱ ይሸሻል። ስለዚህ እዚያው አውድማው ላይ እንነጋገር፣ ቢያንስ አንጯጯህም አለ። ሁሉም ወደዱለት። ገዳሙ ሳይቀር «ነጋዴው ዛሬ ጥሩ ዕቃ አወጣ» አለ።

ሄዱ። ጫማቸውን ዳር አውልቀው፣ «ይትረፍረፍ» ብለው ገቡ። በእውነትም ቃል ሳይካረር ሲወያዩ ዋሉ። በመጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ አይናለም፣ ከሌላ አገር በመምህርነት መጥታ እዚሁ ኑሮ የመሠረተች ጨዋ ሴት፣ እጅ ነሥታ ጠየቀች። «ጋሽ እንዳላማው፣ ይህችን ቦታ ለመንገዱ ይሰጡናል?»

እንዳላማው እህል ማዝሪያ ላይዳውን ተመርኩዞ ጤፉን አየ። ብዙ አየው። «እሺ፣ ውሰዱ» አለ።

መረቁት፣ ተሳሳሙ። ቀያሹም ወዲያው ችካሉን ተከለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አብዱልቃኒ ለቤቱ ጤፍ ሊገዛ ወደዚያው ብቅ ቢል፣ እንዳላማው ችካሉ ሥር ተቀምጦ መሬቱን በመዳፉ ይዳብሳል፤ የሚወደውን በሬ እንደሚዳብስ ሰው። ያን ጊዜ አንድ የኔ ቢጤ ስልቻውን ይዞ አውድማው ዳር ቆመ። እንዳላማው ቀና ብሎ ማንነቱን እንኳ አላየም፤ ተነሥቶ በላይዳው አፍሶ ሰጠው።

አብዱልቃኒ ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። አውድማ ላይ ጠብ እንደማይነሣ አስታውሶ ነበር፤ አውድማ ላይ የመጣ ሰው ባዶውን እንደማይመለስ ግን እሱም ዘነጋው፣ ዋንዛ በሮችም ዘነጉት። እህሉ መሬት ላይ እያለ የለመነህን እምቢ ማለት በረከትን በገዛ እጅ ማባረር ነው። እንዳላማውን እምቢ የማይባልበት ቦታ ላይ ይዘው ነው የጠየቁት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለው። «ቤትህ መጥተን ብንጠይቅህ ምን ትለን ነበር?»

እንዳላማው ወደ ጤፉ አየ። «እህሉ ገና አልገባም አብዱ። እዚህ ይህን አትጠይቀኝ።»

አብዱልቃኒ ጤፉን ሳይገዛ ተመለሰ። ነገሩን ቢያነሣ ሰው ምን እንደሚለው ያውቀዋል፤ ለሱቁ ብሎ መንገዱን አፈረሰ ነው የሚባለው። እንዳላማው እምቢ ቢል ደግሞ መንገዱ ይቀራል። በማግስቱ ሳጂዳን ሊያሻግራት ሲወጣ አንድ ተሳቢ እያጓራ መጣ፣ ልጅቱም እጁን አነቀችው። እዚያው ቆሞ በልቡ ተከራከረ። ለዚች እጅ ስል ዝም ልበል? ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ በየትኛው መንገድ ነው የማሻግራት፣ በነጠቅነው?

ሁለቱ ምክር ቤቶች ሲሰበሰቡ ተነሥቶ ተናገረ። ያ እሺታ አይቆጠርም፣ ችካሉ ይነቀል፣ ምርቱ ከገባ በኋላ ሰውየው እንደገና ይጠየቅ አለ። አንዱ ከኋላ፣ «ሸራው እንዳይከስርበት ነው» አለና ሳቁ። አብዱልቃኒ ፊቱ ቢቀላም አልተቀመጠም።

ሳቁን ያቆመው፣ ማን ይመስላችኋል፣ ያ ምላሰኛው ገዳሙ ነው። «አትሳቁ» አለ። «እሱስ ነጋዴ ነው ይርሳ። እኛ አውድማ ላይ ያደግነው የት ሄደን ነበር?»

ከዚያ በኋላ የሚስቅ አልነበረም። አይናለም ወረቀቷን አጠፈችና፣ «ታዲያ ችካሉን ማን ይነቅለዋል?» ብላ ጠየቀች። እኛው ተባለ። የከተማውም የገጠሩም ተያይዘው ሄደው በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ቀያሹ ተበሳጨ፤ ሥራው ከዘገየ ወደ ሌላ ከተማ ሊዞርባችሁ ይችላል አላቸው። አወቁት፣ ነቀሉት። ልጆቼ፣ ሹመት ላይ ያለ ሰው የተከለውን ሲነቅል አይታችኋል? እኔ እንጃ።

ጤፉ ጎተራ ከገባ፣ ገለባውም ከተከመረ በኋላ፣ ከተማዋንና ዋንዛ በርን በሚለየው ወንዝ ዳር ተቀመጡ። አይናለም፣ «ጋሽ እንዳላማው፣ እዚህ እህል የለም። እምቢ ቢሉን አንቀየምም» አለች።

«እምቢ» አለ እንዳላማው።

አብዱልቃኒ እጁን አየ፤ ያቺን የምትታነቀውን እጁን። ግን ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ሊያባብለው አልሞከረም። አይናለም «እግዜር ያክብርልን» ብላ ተነሣች። ገዳሙ ነጠላውን አራገፈ። አብዱልቃኒም ሄዶ የእንዳላማውን ትከሻ ነካ፤ «እሰይ፣ አሁን አፍህ የራስህ ነው» አለውና መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለ እንዳላማው። «ተቀመጡ እንጂ። እምቢ ስል ምን እንደምትሆኑ ልያችሁ ብዬ ነው።» እንደ ልጅ ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወና፣ «ያ የፊተኛው እሺታ የእህሉ ነበር፤ ይኼኛው የኔ ነው። አውድማዬን ውሰዱት። የመንግሥት ካሳ በመንግሥት ወግ ይሁን። እናንተ ግን እዚያ ማዶ ጉብታው ላይ ሌላ አውድማ በእጃችሁ ትሠሩልኛላችሁ። ሁላችሁም» አለ።

ደቦ ተጠራ። ያን ዕለት ብታዩ! የትምህርት ቤቱ መምህር ድንጋይ ይለቅማል፣ የምክር ቤት ፀሐፊው አፈር ይደለድላል፣ አብዱልቃኒና የገበያው ነጋዴዎች እስከ ክርናቸው እበት ውስጥ ናቸው። ገዳሙ ከላይ ቆሞ፣ «ቀስ፣ ቀስ! ጨርቅ መሰላችሁ እንዴ የምትለኩት?» ይላቸዋል። ጠይባ ጿሚውም የማይጾመውም አብሮ የሚቆረጥመውን ቆሎ በትልቅ ወስከምባይ ይዛ መጣች። ወደ ማታ አውድማው ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ለስልሶ ሲያበራ፣ እንዳላማው ጫማውን አውልቆ ዞረበት። ዞሮ ዞሮ፣ መሀሉ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

መንገዱ ተሠራ። ሾፌሮቹ እንደ ተፈራው ከሱቁ ደጅ ጠፉ፤ አብዱልቃኒ አንድ ክረምት ከበደው። ኋላ ግን ሸራውን የዋንዛ በር ገበሬዎች ክምራቸውን ከዝናብ ሊያለብሱ ይገዙት ጀመር። ጠይባ እስከ ዛሬ፣ «ላም ባይሆን ክምር አለበሰ» እያለች ታስቃለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ፣ አብዱልቃኒ እንደ ልማዱ መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሳጂዳ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች፣ እጁን ሳታየው፣ አልፋው ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ዞር አለችና «አባባ፣ ምነው ቆምክ?» አለችው። እጁ እንደ ተዘረጋ ነበር። ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በዚያ በኩል ስታልፉ መኪናው ታጥፎ ወደ ጉብታው ሲወጣ ይሰማችኋል። ያን ጊዜ መስኮቱን ከፈት አድርጉና ያንን አውድማ እዩልኝ። የተከሉትን ነቅለው፣ እምቢን ሰምተው በሰላም የተነሡ ሰዎች በዚህ አገር ነበሩ ብላችሁ፣ አደራ፣ በልባችሁ አስቡልኝ።