ቀድሞ የሚያደርስ ባቡር

«እማዬ፣ ለቅሶ እኮ ነው፤ በታክሲ ሂጂ» ብሎ ልጇ ቃለሕይወት ለምኗት ነበር። ወለተሰንበት ግን አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ናት። ከአያት እስከ ልደታ በባቡር ካልሆነ አልሄድም አለች።

ነገሩ የተጀመረው ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ ልደታ በአቧራ ታፍና በከረመችበት ጊዜ ነው። እሷና ሁመድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ለእሷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አያት ወጣላትና ዕቃዋ ሲጫን ሁመድ፣ «አትሂጂ፤ ለጎረቤት በባቡር አይደረስም» አላት። የእሷ አፍ መቼ ያርፋል! ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሞትህ እንኳ ቢሰማ ከሁሉም ቀድሞ ያደርሰኛል!» አለችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሁመድ ሞቴን ተመኘች ብሎ ተቀየመ፤ ለእሷም ይቅርታ መጠየቁ ሞት ሆነባት።

ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከተማው ሽርሽር ወጣበት። እሷም እንደ ታክሲ መስሏት «ወራጅ አለ!» እያለች ተሳፋሪውን ስታስቅ ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ልደታ ማርያምን ልትሳለም ትመጣለች። የሁመድ መስኮት ከሐዲዱ ትይዩ ነው። አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም።

ዛሬ ሁመድ ሞቷል። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ወለተሰንበት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ደርሳ «ይቅር በለኝ» ማለት። ያውም በባቡር፣ ባለችው ቃል።

ሃያ ሁለትን እንዳለፉ መብራት ሄደ። ባቡሩ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ በሩም አልከፈት አለ። ሰዓቱ ሲነጉድባት ሳታስበው «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ወጣቶች ሳቁ። አንዲት ልጅ ግን የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አይታ ዝም አሰኘቻቸው።

መብራት ተመልሶ ልደታ ስትደርስ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የቤቱን ደረጃ እያለከለከች ወጥታ የሁመድ ሚስት መይሙና አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«መይሙኔ፣ አልደረስኩለትም!»

«አይዞሽ። ጀናዛው ሲወጣ ‘አውፍ በሉት’ ሲባል፣ ባንቺም ስም እኔ ብዬለታለሁ።»

«እኔማ ምኑን ይቅር እለዋለሁ? እሱ እኔን ይቅር ብሎኛል ወይ?»

መይሙና መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር አሳየቻት። «እዚህ ተቀምጦ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር፣ ‘ይቺ ሴትዮ ካልሞትኩ ላትመጣ ነው እንዴ?’ ይል ነበር» አለቻት።

ወለተሰንበት ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲመጡ መይሙና «ተዉአት» አለች።