ወርቄ፣ ጫማሽ የታለ

በእኔ ስም ያልጨፈረ የሃይፋ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አንጀቴ አርሮ ነው።

ዘፈኑ «ወርቄ ወርቄ፣ ጫማሽ የታለ፤ ቤቱ ሽቅብ ሲወጣ ከታች ቀረ አለ» ይላል። ዘፋኙ ማረው ነው፤ ወርቄ ደግሞ እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው ከጎንደር መጥተን ካርሜል ተራራ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ባኖሩን ሰሞን ነው። በዘፈኑ መሠረት አንዲት አዲስ ገብ ሴት አሳንሰሩ የሰው ቤት ይመስላታል። ጫማዋን ደጃፉ ላይ በአክብሮት አውልቃ ትገባለች። በሩ ተዘግቶ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት ጫማ የለም። ሳቁ እንግዲህ።

ነገሩ ሆኗል፣ አልዋሽም። ጫማ ያወለቀው ግን ራሱ ማረው ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ታች አየሁና ጫማዎቹን አንስቼ ስምንቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። ማረው ኮሪደሩ መሃል በባዶ እግሩ ቆሞ «ጫማዬን ሰረቁኝ!» እያለ ይጮሃል። ሰጠሁት። «በእናትሽ ወርቄ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ለማንም አልነገርኩም። በዓመቱ ካሴቱ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ልከው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። ካሴቱ በወጣ በወሩ ቀሩ። «ልጃችን መሳቂያ ሴት አያገባም» ማለታቸውን ሰማሁ። እኔ አይደለሁም ብዬ ለስንቱ ልንገር? እኔ ለአንድ ሰው እስክነግር ካሴቱ ለመቶ ሰው ይነግራል።

በዚያው በቀረ። ጊልአድ የሚባል ጎረምሳ በዕብራይስጥ ዘፈነውና ግጥሙ ውስጥ ፍየል ጨመረበት። እኔ ሃይፋ የገባሁት ፍየል እየነዳሁ አይደለም። ከዚያ ወታደሮች የሩጫ ዘፈን አደረጉት። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች እጃቸውን ሲታጠቡ «ወርቄ፣ ሳሙናሽ የታለ» ይላሉ፤ በኋላ አግብቼ የወለድኳት ልጄ ኢንባር በአራት ዓመቷ ይህንኑ ተምራ መጥታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ዘፈነችልኝ። ምን ልበላት? አምና አንዲት ልጅ ጊታር ይዛ ዘፈኑን አዝግማ አለቀሰችበት። ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው፤ መሳቂያነቱ አንሶ አሳዛኝ ሆንኩ። ዘንድሮ ደግሞ ወጣቱ ሁሉ አሳንሰር በር ላይ ጫማውን እያወለቀ በስልክ ይቀረጻል። ወደቡ ውስጥ የማጸዳው ቢሮ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ሲፈትሽ «ወርቄ፣ ዛሬ ጫማ አለሽ?» ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ።

«ኢማ፣ ዲ፣ በቃሽ፣ ዘፈን እኮ ነው» ትለኛለች ኢንባር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷ ግን አልተወጋችም።

የዘፈኑን ሠላሳኛ ዓመት ሃይፋ አጠገብ ቲራት ካርሜል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሊያከብሩ ሲነሡ ኢንባር ከአዘጋጆቹ አንዷ ሆነች። «እውነተኛዋ ወርቄ» ተብዬ እንድመጣ ስትጠይቀኝ ፊቷን አዙራ ነበር።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ደነገጠች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የቢሮውን ወለል እየወለወልኩ ግጥም ቋጠርኩ። ማረው ኪቦርድ ሲመታ ቢያረጅም ሙያውን የተማረው ከጎንደር አዝማሪዎች ነው። ድግስ ላይ ማሲንቆውን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም የተሰጠውን ቃል በቃል መልሶ ያዜማል። ስድብም ቢሆን ግዴታው ነው፤ እምቢ ያለ አዝማሪ ተዋርዷል። ማረው «እኔ የተሰጠኝን እምቢ ብዬ አላውቅም» እያለ ይኮራል። እኔም በዚሁ ኩራቱ ልይዘው ቆረጥኩ።

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማረው ነጭ ሸማውን ደርቦ ሲዞር ሲዞር እኔ ዘንድ ደረሰ። ስልክ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ተቀበል!» አልኩት።

«እሺ እመቤቴ!»

«ዘፈንህ ዘለቀ ከልጅ እስከ አዋቂ፣
አንተ ነህ ማረው ሕዝብን ሁሉ አሳቂ።»

ተቀበለ፤ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ተቀበል! በአሳንሰሩ ደጃፍ ጫማ ያወለቀው...»

«በአሳንሰሩ ደጃፍ ጫማ ያወለቀው...» ብሎ አዜመ። ሕዝቡ የለመደውን ሲጠብቅ ገና ከአሁኑ ይስቃል።

«ወርቄ አይደለችም፣ እኔው ነኝ ማረው!»

ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ሲደግም የኖረ ምላስ ከባለቤቱ ቀደመ። «ወርቄ አይደለችም፣ እኔው ነኝ ማረው» አለ፣ በሚያምር ድምፁ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ማሲንቆው ቆመ።

«ቀልደኛ እኮ ናት!» አለ ላቡን እየጠረገ።

ያን ጊዜ እማማ ዘነቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሆቴሉ ውስጥ ስምንተኛ ፎቅ የነበሩ ሴት ናቸው። «ምን ቀልድ አለው? "ጫማዬን ሰረቁኝ" እያልክ ስትጮህ በሬን ከፍቼ አይቼህ የለ?» አሉት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ» አሉ። በእሳቸውም ደሜ ፈላ፤ ግን አዳራሹ በሳቅ ፈርሶ ስለነበር ቁጣዬን ዋጥኩት። ኢንባር ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ቆይታ መጥታ አቀፈችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ዘፈን ወጣ፦ «ማረው ማረው፣ ጫማህ የታለ»። ጊልአድም እንደገና በዕብራይስጥ ዘፈነው፤ ፍየሏን ለማረው ሰጠው። የወደቡ ጥበቃ አሁን ቦርሳዬን ዝም ብሎ ይፈትሻል።

በሦስተኛው ወር ማረው ሀዳር ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆርጧል። ውሃ ሰጠሁት።

«ወርቄ እህቴ፣ መውጫ አጣሁ» አለኝ። «ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ስይዝ ነርሷ "ጫማህን እንዳታወልቅ" ትለኛለች። ለሠርግ የጠሩኝ ሁለት ቤቶች ተዉኝ። ልጆቼ ከእኔ ጋር መንገድ መሄድ አፈሩ። በእናትሽ፣ "ቀልዴን ነው" ብለሽ አንድ ቪዲዮ ብቻ ቅረጪልኝ።»

ያሳዝነኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሳዘነኝም፤ ደስ አለኝ።

«እሺ፣ እቀርጽልሃለሁ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ! መቼ?»

«እንደ እኔ ሠላሳ ዓመት ሲዘፈንብህ። አሁን ስልሳ ነህ አይደል? ዘጠና ሲሆንህ ና፤ እጠብቅሃለሁ።»